ባረቀ አትበሉ፦ መሣሪያ ስትይዙ አፈሙዙ ወዴት ይሁን?

ጎጃም፣ አጎቴ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ረፋድ ላይ በእሷ በኩል የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ይጥላል። ብርሃኗ ቀስ እያለች ከመደቡ ሥር ተነስታ እስከ ምድጃው ትሄዳለች። ክረምት ሲገባ አክስቴ ሥሯ ጣሳ ታስቀምጣለች።

ቀዳዳዋ የመጣችው ልጅ ሳለሁ ነው። አጎቴ ከጥበቃ ተመልሶ የክላሹን ካዝና (የጥይት መያዣውን) ነቀለና መሣሪያውን መደቡ ላይ አስቀመጠው። ምሳ ቀርቧል። አንድ ጎረቤት ክላሹን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። «ባዶ ነው?» አለ። «ባዶ ነው፤ ካዝናውን ነቅዬዋለሁ እኮ» አለው አጎቴ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጆሮዬ ውስጥ የቀረውን ጩኸትና ከጣሪያው ረግፎ እንጀራው ላይ የተነጠፈውን ጥላሸት ነው። ማንም አልተነካም። ጎረቤታችን ሲያገላብጠው አፈሙዙ በአጋጣሚ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ከትንሽ ጊዜ በፊት ግን ያየው የነበረው እኔን ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «ባረቀ» አለ። ይህ ቃል ይገርመኛል። ሰው ሲባርቅብን ጥፋቱን ለሰውየው እንሰጣለን፤ «ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» እንላለን። መሣሪያ ሲባርቅ ግን ባለቤቱ ከወሬው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጥይቱ በራሱ ጊዜ ተነስቶ የሄደ ይመስላል። ባረቀ ከተባለው መሣሪያ ኋላ ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ምላጭ (ብዙዎቻችን ቃታ የምንለውን) የነካ ጣት አለ። መሣሪያው ራሱ ተበላሽቶ የሚተኩስበት ጊዜም አለ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ያኔም ቢሆን ሰው የሚመታው አፈሙዙ ወደ ሰው ዞሮ ከተገኘ ነው።

መሣሪያ ግዙ ወይም አትግዙ አልልም። በአገራችን ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ጨርሱ። ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ላላችሁ፣ በሚሊሻነት ወይም በጥበቃ ለምትሠሩ፣ አባታችሁ ቤት ቆጥ ላይ አሮጌ ምንሽር ለተቀመጠባችሁ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ለሱቃችሁ ሽጉጥ ለገዛችሁም ይሆናል።

በቅድሚያ አራቱ ሕጎች

ዛሬ በየተኩስ ማሠልጠኛው የሚነገሩት አራት ሕጎች የተስፋፉት በጄፍ ኩፐር በኩል ነው። ሰውየው የቀድሞ የአሜሪካ ማሪን መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር ኖሯል። ሕጎቹ በእኛ አነጋገር እንዲህ ናቸው፦

1. መሣሪያ ሁሉ ጥይት ጎርሷል ብላችሁ ያዙት።
2. ልታጠፉት የማትፈልጉት ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙሩ።
3. ኢላማችሁ ላይ አነጣጥራችሁ ለመተኮስ እስክትወስኑ ድረስ ጣታችሁ ከምላጭ ይራቅ።
4. የምትመቱትን ነገርና ከጀርባው ያለውን እወቁ።

የሕጎቹ ጥሩነት መደራረባቸው ላይ ነው። አንዱን ብትረሱ ሌላው ይይዛችኋል። አጎቴ የመጀመሪያውን ረሳ፣ ጎረቤታችን ሦስተኛውን ረሳ። ሁለተኛውን ማንም አስቦበት አልጠበቀውም፤ እንዲሁ በዕድል ተጠበቀ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ያለማንገራገር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አፈሙዙ ላይ ጦር ሰክታችሁ አስቡ

ከአፈሙዙ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ጫፉ የማይታይ ረጅም ጦር አለ እንበል። መሣሪያውን ስታዞሩ ጦሩም አብሮ ይዞራል። የሚነካውን ሁሉ ይወጋል። በሩን፣ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው ማዶ የተኛውን ሕፃን።

ርዝመቱንም እንለካው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ይከንፋል። እስከ 1,500 ሜትር ድረስ የመግደል አቅም አለው፤ ጨርሶ እስኪወድቅ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። «ማዶው ሜዳ ነው» ስትሉ ይህን አስታውሱ። የእኛ አገር ሜዳ እረኛ አያጣም።

እንግዲህ ጥያቄው «አፈሙዙ አሁን ወዴት ነው?» የሚል ይሆናል። «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» የሚል አንድ መልስ የለውም። እንደቆማችሁበት ቦታ ይለያያል።

ገጠር፣ ውጭ ላይ ከሆናችሁ ከእግራችሁ ፈንጠር ያለ ለስላሳ አፈር ጥሩ ነው። የታረሰ ማሳ፣ የአፈር ቁልል፣ የገደል ግድግዳ ይሆናል። ድንጋያማ መሬት ግን አይሆንም። ጥይት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። አስፋልትና ሲሚንቶም ያው ነው። ውሃም እንኳ ጥይት ያነጥራል።

ቤት ውስጥ ነገሩ ይጠብባል። የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም። ቆርቆሮማ ወሬውም አይነሳ። ብሎኬት ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክፍት ነው፤ የክላሽ ጥይት ያልፈዋል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ክፍል ከክፍል የሚለየው አግሮስቶን መሆኑን አትርሱ። ለጥይት ወረቀት ነው። ከላይ ጎረቤት፣ ከታች ጎረቤት፣ በጎን ጎረቤት አለ። ጦሩን ወዴትም ብታዞሩት አንድ ሰው ደጃፍ ይደርሳል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ ማዳበሪያ አሸዋ ሙሉና አፉን ስፉት። መሬት ቤት ላይ፣ ከቤቱ ጥግ አጋድሙት። መሣሪያ ስታራግፉ (ጥይቱን ስታወጡ) አፈሙዙን በማዳበሪያው ቁመት በኩል አድርጉ፤ ጥይቱ ከግማሽ ሜትር በላይ አሸዋ ውስጥ እንዲጓዝ ማለት ነው። በየጦር ካምፑ በር ላይ አሸዋ የሞላ በርሜል የሚቆመው ለዚሁ ነው። ለሽጉጥ ብቻ ከሆነ እስከ አፉ አሸዋ የሞላ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ነበር። አሁን ባልዲው ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጣበታለች፤ ሳራግፍ አንስታ ታቀብለኛለች።

በልማድ የምንሳሳታቸው አያያዞች

አንደኛው ጠመንጃን እንደ ዱላ ትከሻ ላይ አጋድሞ ሁለቱን እጅ ከላይ ማንጠልጠል ነው። ያምራል፣ ያሳርፋል፣ አባቶቻችንም ሄደውበታል። ችግሩ አፈሙዙ አጠገባችሁ በሚሄደው ሰው ጭንቅላት ልክ መሆኑ ነው። ዞር ብላችሁ ሰው ሰላም ስትሉ ጦሩ መንገደኛውን ሁሉ በአንገቱ ልክ ያጭዳል። ብቻችሁን ካልሆናችሁ ይቅር።

ሁለተኛው ይብሳል። ስብሰባ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰደፉን መሬት አስደግፎ ሁለት እጅን አፈሙዙ ላይ ደርቦ አገጭን እላዩ ላይ ማሳረፍ። ይህን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። ከአገጭ በላይ ያለው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ነው። ልጅ፣ ዶሮ፣ ነፋስ ይጥለዋል። አጋድማችሁ አስቀምጡት። ከእጃችሁ አምልጦ ሲወድቅ ደግሞ ለመቅለብ አትሞክሩ። አየር ላይ ሲቀለብ ጣት የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ምላጩ ላይ ነው። ይውደቅ፣ ከዚያ አንሱት።

ታዲያ እንዴት እንያዝ? ስትሄዱ ማንገቻውን ትከሻ ላይ አድርጋችሁ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት አቁሙት፤ አግድም አይሁን። ሰልፍ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የፊተኛው ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ኋላ፣ መሃል ያለው ወደ ጎን ወይም ወደ መሬት ያድርግ። አጥር ወይም እርከን ስትዘሉ፣ ዛፍ ስትወጡ፣ ቦይ ስትሻገሩ አስቀድማችሁ አራግፉ።

መኪና ላይ ስትወጡም እንዲሁ። ፒካፕ ጭነት ላይ ሰው ተፋፍጎ ተቀምጦ አሥር አፈሙዝ በአሥር አቅጣጫ ሲወዛወዝ ማየት ያሳቅቀኛል። ከመሳፈር በፊት ይራገፍ። ከዚያ አፈሙዙ ከሁለት እግራችሁ መሃል ወደ ታች ይሁን። ስትወርዱ ደግሞ ውስጥ የቀረውን መሣሪያ አፈሙዙን ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አትጎትቱ። ምላጩ ወንበር ወይም ገመድ ላይ ሲያዝ ጥይቱ የሚሄደው ወደሚጎትተው ሰው ነው።

«ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት»

ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ክርስትና ላይ መተኮስ በብዙ አካባቢ ወግ ነው። ፉከራው ሲግል እጅ ወደ ምላጭ ይሄዳል። ወጉን አውቀዋለሁ፤ አድጌበታለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

ወደ ላይ የተተኮሰ ሁሉ ይወርዳል። የአሜሪካ ጦር ባለሙያዎች የዛሬ 100 ዓመት ገደማ ጥይት ሽቅብ እየተኮሱ ሲወርድ ለክተውት ነበር። ሲመለስ በሰከንድ ወደ 90 ሜትር ይጓዛል ብለዋል። በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ቅል ላይ ሲያርፍ መግደል ይችላል። ይህ እንግዲህ ጥይቱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነው። እስክስታ እየመታ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ ሰው አላየሁም። ትንሽ ካዘመመ ጥይቱ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርቶ ይሄዳል፤ የመግደል አቅሙን ይዞ ሌላ ቀበሌ ሊወድቅ ይችላል። የሚወድቅበት ቤት ሰዎች ሰርጉን ላይጠሩበት፣ ላይሰሙትም ይችላሉ።

አሪዞና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በቤቷ ጓሮ ቆማ ከሰማይ በወረደ ጥይት ሞታለች። በማግሥቱ ዓመት ግዛቲቱ ከተማ ውስጥ በግድየለሽነት መተኮስን ከባድ ወንጀል አደረገችው።

ደጋሽ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በሩ ላይ አንድ የሚከበርና የማይጠጣ ሰው አቁሙ። መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ደጅ አራግፎ ካዝናውን ለእሱ ያስረክብ፣ ሲሄድ ይውሰድ። «ናቀኝ» የሚል ይኖራል። ይበል። ጠጅና አረቄ ያለበት ቦታ ላይ ይሉኝታ አይሠራም።

ሌባ ጣት

ስሟን በከንቱ አላገኘችም። መሣሪያ ስትይዙ ሳታዟት ሄዳ ምላጩን ትዳብሳለች። ቦታዋ እዚያ አይደለም። ከምላጩ መከለያ በላይ፣ በመሣሪያው ጎን ላይ ቀጥ ብላ ትለጠፍ። በሁለቱም እጅ ተለማመዱት።

«ጣቴን እቆጣጠራለሁ» አትበሉ። ስትደነቅፉ፣ ስትደነግጡ፣ ወይም በግራ እጃችሁ አንድ ነገር ጨብጣችሁ ስትጎትቱ የቀኙ እጅ ጣቶችም ሳታውቁት ይጨብጣሉ። ይህ የሰውነት ጠባይ ነው፤ ጀግናም ፈሪም እኩል ይጨብጣል።

ሽጉጥ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ የእጅ አንጓ ትንሽ ስትዞር ክፍሉን ሙሉ ይጠርጋል። ወገባቸው ላይ ሱሪ ውስጥ የሚሸጉጡትን ደግሞ እግዜር ይጠብቃቸው። ምላጩን የሚሸፍን ማኅደር ግዙ። ፎቶ ለመነሳት ሽጉጥ ወደ ካሜራ የምትደግኑ ወጣቶችም፣ ከካሜራው ጀርባ ጓደኛችሁ አለ።

ክላሽ እንዴት ይራገፋል?

ወደ አጎቴ ስህተት እንመለስ። ክላሽ አንዴ የጎረሰውን ካላስተፉት አይተፋም። ካዝናውን ብትነቅሉም አንዷ ጥይት ጉሮሮው (ጥይቷ ለመተኮስ የምትቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ተቀምጣለች፤ ምላጭ ከተነካ ትወጣለች። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. አፈሙዙን ወደ አሸዋው ወይም ወደ አፈሩ አድርጉ። እስከ መጨረሻው ከዚያ አይነሳ። ጣት በጎን።

2. ካዝናውን ንቀሉ። ከምላጩ መከለያ ፊት ያለችውን ማንሻ በአውራ ጣት ወደ ፊት ገፍታችሁ ካዝናውን ወደ ፊት አጥፋችሁ አውጡት። ኪሳችሁ ክተቱት፤ መሬት አታስቀምጡት።

3. በስተቀኝ ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች አውርዱ። ክላሽ ከላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ መሃል ሲሆን በተከታታይ ይተኩሳል፣ ታች ሲሆን አንድ በአንድ ይተኩሳል። አዎ፣ ከቁልፍ ስትለቁት መጀመሪያ የሚያገኛችሁ ተከታታዩ ነው። ተቆልፎ እያለ ማቀባበያው (ጥይት ለማጉረስ የሚሳበው እጀታ) እስከ ኋላ ስለማይሳብ ማራገፍ አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ መሣሪያው ክፍት ነው፤ ትንፋሻችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

4. ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡ። ጥይት ካለ ዘሎ ይወጣል። በእጃችሁ ለመያዝ አትሞክሩ፣ መውጫውንም በመዳፍ አትሸፍኑ። ይውደቅ፤ በኋላ ይለቀማል።

5. ማቀባበያውን እንደሳባችሁ አጥብቃችሁ ያዙና ውስጡን እዩ። ክላሽ ባዶ ሲሆን ራሱን ከፍቶ አይቆምም፤ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ካዝና የሚገባበትን ክፍት እዩ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን እዩ። ጨለማ ከሆነ በባትሪ ወይም በትንሿ ጣት ዳስሱ። ዓይናችሁን አንሱና እንደገና እዩ። ሁለተኛው እይታ ለይስሙላ አይደለም፤ ሰው በመጀመሪያው የሚያየው ማየት የጠበቀውን ነው።

6. ማቀባበያውን ልቀቁ፣ መቆለፊያውን ወደ ላይ መልሱ።

የሠለጠነ ወታደር ከማቀባበያው በኋላ ምላጩን አንዴ ስቦ ነው የሚቆልፈው። እናንተም ከለመዳችሁት ወደ አሸዋው ብቻ ይሁን። ቤት ውስጥ ግን ባትስቡት እመርጣለሁ።

ሰው ሊገድል የሚችል የተለመደ ስህተት ደረጃ 2ን እና 4ን መገለባበጥ ነው። መጀመሪያ ታቀባብላላችሁ፤ ጥይት ዘሎ ይወጣል፤ ደስ ይላችኋል። ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። ከዚያ ካዝናውን ትነቅላላችሁ። «ወጣች አይደል?» ብላችሁ ምላጩን ትስባላችሁ። ካዝና ቀድሞ፣ ማቀባበል ኋላ። ይህን ብቻ ግድግዳችሁ ላይ ብትጽፉት አልቃወምም።

ምንሽርና ሌሎች አሮጌ ጠመንጃዎች ላይ መዝጊያውን እየከፈታችሁ ጥይት መውጣት እስኪያቆም መላልሱ፣ ከዚያ እዩ፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ ተዉት። ሲሞኖቭ የሚባለው ጠመንጃ ካዝናው ከመሣሪያው ጋር የተሠራ ነው፤ የሥሩን ክዳን ከፍታችሁ ጥይቶቹን አፍስሱ፣ ከዚያ አቀባብላችሁ ጉሮሮውን አጽዱ።

ማካሮቭ ሽጉጥ ላይ የካዝናው መልቀቂያ ከእጀታው ግርጌ ነው። ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ካዝናውን አውጡ። መቆለፊያው ወደ ላይ ከሆነ ከላይ ያለው ተንሸራታች ሽፋን አይንቀሳቀስም፤ ወደ ታች አውርዱት፣ ሽፋኑን ሳቡ፣ እዩ። ካዝና ባይኖረውም ጉሮሮው ውስጥ ያለችውን ይተኩሳል። አሜሪካ ያላችሁና ግሎክ ሽጉጥ የያዛችሁ ልብ በሉ፦ ግሎክ በአውራ ጣት የሚቆለፍ መቆለፊያ የለውም። ለማጽዳት ስትፈቱትም ምላጩን መሳብ ግድ ነው። «ሲያጸዳ ባረቀበት» የሚባለው ወሬ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚህ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ሁለቴ እዩ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ አፈሙዙ ወደ ባልዲው ይሁን።

ከእጅ ወደ እጅ

መሣሪያ ስታቀብሉ «ባዶ ነው» ማለት አይበቃም። አራግፉ፣ ከፍታችሁ አሳዩ፣ አፈሙዙ ከሁለታችሁም ርቆ ሰደፉን አስቀድማችሁ ስጡ። የሚቀበለው ሰው ደግሞ እንደገና ያያል። ታላቅ ወንድሙም ቢሰጠው፣ አባቱም ቢሰጡት ያያል። አንዳንዱ «አላመንከኝም?» ይላል። «አምኜዎታለሁ፣ ጋሼ፤ እጄ ልማድ ሆኖበት ነው» በሉና እዩ። ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል። ባዶ መሰሉ ጠመንጃ ግን ማንንም አያስፈራም፤ አደጋው እሱ ነው።

መሣሪያው ራሱ ሲያስቸግር

ምላጭ ስባችሁ ካልተኮሰ አፈሙዙን አታዙሩ፣ አፉንም አትመልከቱ። አንዳንድ ጥይት፣ በተለይ ያረጀ ወይም እርጥበት የነካው፣ ዘግይቶ ይፈነዳል። ኢላማው ላይ እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁጠሩ፣ ከዚያ አውጡት። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ቁሙ፤ አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ብትተኩሱ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ከገባም እንዲሁ፤ አራግፋችሁ፣ ፈታችሁ፣ ሳታጸዱ እንዳትተኩሱ።

መጀመሪያ ላይ መሣሪያ ራሱ የሚተኩስበት ብልሽት አለ ያልኩት ይህ ነው፦ አብዛኛው ሲሞኖቭ ላይ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ያለ ሞላ የተቀመጠ ነው። ያረጀ ግራሶ ወይም ዝገት ከያዘው ወደ ፊት እንደወጣ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ስታጎርሱት ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል። ያደረ መሣሪያ ስትረከቡ ሳይጸዳ አታጉርሱት። ስታጎርሱም አፈሙዙ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ሰው ከተመታ ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት፤ ለማየት እያላችሁ አታንሱ። እጅ ወይም እግር ከሆነና ደሙ አልቆም ካለ ከቁስሉ ከፍ ብላችሁ በሰፊ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ያሰራችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ?

አልጋ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ቆጥ ላይ፣ ግድግዳ ላይ በሚስማር። እነዚህ ሁሉ ልጆች ቀድመው የሚያውቋቸው ቦታዎች ናቸው። እኔም የአጎቴ ክላሽ የት እንዳለ ከአክስቴ ቀድሜ አውቅ ነበር።

መሣሪያው ተራግፎ በሚቆለፍ ሣጥን፣ ጥይቱ ሌላ በሚቆለፍ ቦታ። የብረት ሣጥን ከከበዳችሁ ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ግዙ። ሰንሰለቱን ካዝና በሚገባበት ክፍት አስገብታችሁ በጥይት መውጫው አውጡትና ከአልጋው ብረት ጋር ቆልፉት። ሰንሰለቱ እዚያ እያለ መዝጊያው አይገጥምም፤ ስለዚህ አይተኩስም። ሣጥን ውስጥም ቢሆን አፈሙዙ ወደ ውጭው ግድግዳ ጥግ ይሁን እንጂ ወደ ልጆቹ መኝታ አይሁን።

ለልጆች አትንኩ ብቻ ማለት አይበቃም። ሦስት ነገር አስተምሯቸው፦ መሣሪያ ካያችሁ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ። ጎረቤት ቤት ሲጫወቱ ቢያዩም ያው። ጎረቤቱን «መሣሪያ አላችሁ?» ብላችሁ ራሳችሁ መጠየቅ ነውር አይምሰላችሁ፤ «ውሻ አላችሁ?» ብለን እንጠይቅ የለም?

ቁልፉን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ከቤቱ ቁልፍ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ እሰሩና ኪሳችሁ ያዙት። ገላችሁን ስትታጠቡም ይዛችሁት ግቡ።